ለሆሮ ጫጩት የድርቆሽ ሳጥን፦ ያለ መብራትና ያለ ከሰል ጫጩት ማሳደግ ምን ያህል ያዋጣል?

የድርቆሽ ሳጥን ሲያዩት ምንም አይመስልም። ክዳንና በር ያለው የእንጨት ሳጥን ነው፤ ዙሪያው በድርቆሽ ይጠቀጠቅና መሃሉ እንደ ወፍ ጎጆ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ከላይ ድርቆሽ የተሞላ ትራስ ይደረብበታል። አምፖል የለውም፣ ፍም የለውም። ጫጩቶቹ ተጠጋግተው ሲተኙ ከገላቸው የሚወጣውን ሙቀት ድርቆሹ ይይዝላቸዋል፤ አሠራሩ ይኸው ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ተመራማሪዎች መብራት ለሌለው የገጠር ቤተሰብ ይሆናል ብለው ፈትሸውታል። ሙያው የሚጠይቀው አራት ግድግዳ መምታትና ክዳን ማንጠልጠል ብቻ ስለሆነ የሰፈር አናጢ ልኩን ከነገሩት በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

እዚህ የምንመዝነው ለአንድ ሥራ ነው፤ በጓሮ ጥቂት የሆሮ ዶሮ ይዞ ዘሩን ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ለሚፈልግ ሰው።

ሆሮ ከሆሮ ጉዱሩ ወለጋ፣ ከሻምቡ አካባቢ የመጣ የሐበሻ ዶሮ ነው። እንደ ፈረንጅ ዝርያ አንድ ወጥ መልክ አይጠበቅበትም፤ ቀዩም፣ ገብስማውም፣ ነጩም፣ ዛጎልማውም ሆሮ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ2008 እ.ኤ.አ. ከአካባቢው የተሰበሰበ እንቁላል ይዞ በክብደትና በእንቁላል ብዛት እየመረጠ ማራባት ጀምሯል፤ ተመርጦ የተራባው ሆሮም ከመነሻው በግልጽ የበለጠ እንቁላል ይጥላል። ከምሥራቁ የጃርሶ ዶሮ ጋርም በሽታን ስለመቋቋም ብዙ ተጠንቷል። ጓሮ ውስጥ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። የፈረንጅ ዝርያ የሆነ የጎረቤት ሳሶ ወይም ቦቫንስ አውራ አጥር ዘሎ አንድ ወቅት ከከረመ የሚቀጥለው ትውልድ ክልስ ነው፤ የተከለሰውን ደግሞ ወደ ኋላ መመለሻ የለም።

ዘሩን የሚያሳሳው ሌላው ቀዳዳ የጫጩትነት ዕድሜ ነው። አንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ትጥልና ትታቀፋለች፣ ቢቀናት 9 ወይም 10 ትፈለፍላለች፣ ከዚያ ጓሮ ለጓሮ ይዛቸው ስትዞር ጭልፊቱ፣ ድመቱ፣ የማለዳ ጤዛውና የሐምሌ ዝናቡ ይከፋፈሏቸዋል። 8 ሳምንት ሲሞላቸው ግማሾቹ ከተረፉ ቀንቷታል። ከተረፉት ውስጥ ደግሞ ትልቁና ቀዩ፣ አናቱ ላይ ድርብ ያለው አውራ፣ ለዘመን መለወጫ ወይም ለፋሲካ ገበያ ይወጣል። ምርጡ ለዶሮ ወጥ ሄዶ ለዘር የሚቀረው ገበያ ያልፈለገው ነው። 30 ጫጩት አሳድጎ 25ቱን ያተረፈ ሰው ግን ለበዓል ሸጦም፣ አርዶም፣ ምርጡን ለዘር ማስቀረት ይችላል። የሳጥኑ ትልቅ ጥቅም ይኸ ነው።

የዕቃው አሠራር

ልኩ የተለመደው 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ድርቆሹ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ሲጠቀጠቅ መሃሉ ላይ ዲያሜትሩ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይተርፋል። 50 ጫጩት ይይዛል ይባላል። ለመጀመሪያው ሳምንት እውነት ነው፤ የአንድ ቀን ጫጩት የሚይዘው ቦታ ከእንቁላል ብዙም አይበልጥም። በ3ኛው ሳምንት ግን 50 ከሆኑ መሃል ያሉት ይታፈናሉ፣ ጠዋት ክዳኑ ሲከፈት ከሥር የተረገጠ ይገኛል። ለ30 እስከ 35 ጫጩት የሚሆን ዕቃ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በየሳምንቱ ከዙሪያው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ድርቆሽ እየቀነሱ ክቡን ማስፋት ያስፈልጋል።

የባሰው ችግር በተቃራኒው ነው፤ ጫጩት ሲያንስ። ሳጥኑ ሙቀት ያስቀራል እንጂ ሙቀት አይፈጥርም። አንዲት ዶሮ የፈለፈለቻቸውን 9 ጫጩቶች ብቻ 40 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ማስገባት ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደ ማስተኛት ነው፤ ሌሊቱን ሲጮኹ ያድራሉ፣ በሦስተኛው ቀን መሞት ይጀምራሉ። ሳጥኑ አይሠራም ተብሎ የሚጣለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ጥቂት ጫጩት ያለው ሰው የድርቆሹን ውፍረት በየጎኑ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መሃሉን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ማጥበብ ይችላል፤ ለ12 ጫጩት ይበቃል። ከሁሉም የሚሻለው ሁለት ወይም ሦስት ዶሮ በአንድ ቀን ማስታቀፍ ነው። ቀድማ መታቀፍ የፈለገችውን ጓደኞቿ እስኪደርሱ ለጥቂት ቀን የማይረባ እንቁላል ላይ አቆይቶ፣ ከዚያ ለሁሉም ትክክለኛውን እንቁላል በአንድ ምሽት መስጠት። ለዘር የተያዘው እንቁላል ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ፣ ከ7 ቀን ባይበልጥ ይመረጣል፤ 10 ቀን ካለፈው የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ ይቀንሳል።

ቁመቱ ለሆሮ አይበቃም። የፈረንጅ ጫጩት 30 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ውስጥ 3 ሳምንት ተረጋግቶ ይቀመጥ ይሆናል፤ የሐበሻ ጫጩት የክንፍ ላባው ቶሎ ስለሚወጣ በ10ኛው ወይም በ12ኛው ቀን ጠርዙ ላይ ነው። አናጢው 45 ሴንቲ ሜትር እንዲያደርገው መንገር፣ ወይም ከተሠራ በኋላ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የወንፊት ሽቦ ፍሬም ከላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

እንጨቱ ኮምፔንሳቶ ወይም የባህር ዛፍ ጣውላ ይሁን። ቺፕውድ ርካሽ ነው፤ ግን የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ከኩሱና ከእርጥበቱ የተነሳ ያብጣል፣ ምስማሩን ይለቃል። ለሙከራ የቲማቲም ሳጥንም ይሆናል፤ ክፍተቱን ከውስጥ በካርቶን መድፈን ብቻ ነው። ወለሉን በምስማር የሚመታ አናጢ ካጋጠመ ማስቆም ይገባል። ወለሉ እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ የሚሳብ ካልሆነ ሳጥኑን ማጽዳት ሥራ ይሆንና ይተዋል፤ ያልጸዳ ሳጥን ደግሞ ከሌለው የከፋ ነው።

የአየር ቀዳዳው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብርድ እንዳይገባ ተብሎ ይደፈናል። 30 ጫጩት ሌሊቱን ሲተነፍስ የሚያወጣው እርጥበት መውጫ ካጣ ትራሱን ያረሰርሳል፣ ላባቸው ይረጥባል፣ የረጠበ ጫጩት ደግሞ ድርቆሽ ውስጥም ሆኖ በብርድ ይሞታል። በየጎኑ ሁለት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ አውራ ጣት የሚያስገባ፣ ከድርቆሹ ከፍ ብሎ ከላይኛው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መበሳት አለበት። እዚያ ከፍታ ላይ ሲሆን እርጥቡ አየር ይወጣል፣ ንፋሱ ግን ጫጩቶቹ ጀርባ ላይ አይደርስም።

ትራሱ ከጆንያ ይሰፋ። በማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ትራስ ሁለት ጥፋት አለው። አንደኛ ላስቲክ ስለሆነ እርጥበት አያሳልፍም፤ ጠዋት ሲነሳ ሥሩ ላብ ያወጣ ይመስላል። ሁለተኛ ክሩ ሲተረተር እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ የጫጩት እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ማታ የተጠመጠመው ጠዋት እግሩን አሳብጦ ይገኛል። ጆንያው ውስጥ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ድርቆሽ ይሞላና በሽቦ ወንፊት ላይ ያርፋል፤ ሽቦው ከጫጩቶቹ ጀርባ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ትራሱን በቀጥታ ጀርባቸው ላይ መጣል ደካማውን ይጫነዋል። እያደጉ ሲሄዱ ሽቦውን ከፍ የሚያደርጉ ሁለት ሦስት ጥርሶች በሞራሌው ላይ ቢመቱ አናጢው ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅበት።

እግር ያስፈልገዋል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። እያንዳንዱ እግር የተቃጠለ የመኪና ዘይት ያለበት ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይቁም። ጅማን፣ ወለጋን፣ ኢሉባቦርን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልገውም፦ ጉንዳን። በክረምት ሌሊት ጉንዳን የገባበት ሳጥን ጠዋት ላባ ብቻ ነው የሚገኝበት።

ድርቆሹ

ድርቆሽ ሁሉ አንድ አይደለም። አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ፣ የሚሸት ሳይሆን የሚያውድ መሆን አለበት። ሲያራግፉት ግራጫ አቧራ የሚነሳ ከሆነ ሻግቷል። የሻጋታው ብናኝ የጫጩት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ያቆስላል፤ አፋቸውን ከፍተው፣ አንገታቸውን ዘርግተው አየር ይስባሉ፣ ነገር ግን እንደ ሌላው የመተንፈሻ በሽታ አያንኮራፉም። መድኃኒት ተሰጥቶት አይድንም፤ ድርቆሹን አውጥቶ ማቃጠል ብቻ ነው። የጤፍ ጭድ ለወለል ምንጣፍ ጥሩ ነው፣ እርጥበት ይጠጣል፤ ለግድግዳ ግን ስለሚንሸራተት ወደ መሃል ይደረመሳል። ግድግዳው ረጅም ድርቆሽ፣ ወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር የጤፍ ጭድ ሲሆን ይያያዛል። ጋዜጣ ወይም ልሙጥ ካርቶን ወለል ላይ ማንጠፍ አይገባም፤ እግራቸው እየከዳቸው ይከፈትና አንዳንዱ በዚያው ይቀራል።

ጠዋት ጠዋት እጅን በትራሱ ሥር መስደድ ከቴርሞሜትር ያላነሰ ይናገራል። ደረቅ ሙቀትና የድርቆሽ ሽታ ካገኛችሁ ደህና አድረዋል። ዓይን የሚቆጠቁጥ የሽንት ሽታ ካለ የወለሉ ጭድ በዚያው ቀን ይቀየር። የጫጩቶቹም አተኛኘት ይነግራል፦ በእኩል ተዘርግተው ከተኙ ተመችቷቸዋል፤ መሃል ላይ ተቆላልፈው በቀጭን ድምፅ ሳያቋርጡ ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ጠርዝ ጠርዝ ይዘው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ ትራሱ በአንድ በኩል ይነሳ።

የመጀመሪያው ሳምንት

የተፈለፈለ ጫጩት የገላውን ሙቀት ራሱ መቆጣጠር የሚጀምረው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በጀርባው ከፍታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሳጥኑ ብቻውን በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ሌሊቶች አይበቃም፤ ይኸን የማይነግር ሻጭ ለገዢው አላሰበም። ሁለት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ክዳኑን አጥብቆ መሃሉ ላይ ማስቀመጥ። ጨርቁ ላይ ጉንጭን አሳርፎ ሳያቃጥል የሚሞቅ ከሆነ ልክ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የተሞላው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያደርሳል፤ ደብረ ብርሃንን በመሰለ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ አንድ ጊዜ ተነስቶ መቀየር ግድ ነው። ከሰል ግን በምንም ምክንያት ሳጥኑ አጠገብ አይጠጋ። ጭሱ ባይታይም የከሰል ጋዝ ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል፤ ድርቆሽ ደግሞ እሳት ነው።

ጫጩቶቹን ከእናታቸው ሥር የሚያነሱት ደርቀው ሲያበቁ፣ በተፈለፈሉ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ማታ ነው። ቀን ላይ ማንሳት እናቲቱንም ጫጩቶቹንም ያሸብራል። በመጀመሪያ የሚቀመስላቸው ውኃ ለብ ያለ ይሁን፤ በሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢጨመርበት ለደከሙት ጉልበት ይሰጣል። የውኃ ዕቃው ውስጥ ጠጠር ይደርደር፣ አለዚያ ገብተው ይሰጥማሉ። ውኃና መኖ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም፤ ቦታቸው ሳጥኑ ፊት ለፊት የሚገጠመው የሽቦ ግቢ ነው።

ይህ ግቢ የዕቃው ግማሽ ነው፤ ሳጥኑን ብቻ መግዛት ግማሽ ዕቃ መግዛት ነው። 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ለ30 ጫጩት እስከ 4ኛው ሳምንት ይበቃል። የሽቦው ዓይን 12 ሚሊ ሜትር፣ ግማሽ ኢንች የሚባለው፣ ይሁን። ሰፊ ዓይን ያለው ተራ የዶሮ ሽቦ አይጥ ያስገባል፣ ሽለምጥማጥም እጁን ሰድዶ ጭንቅላት ይስብበታል። ላዩ መሸፈኑ አይዘንጋ።

ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ግቢው ይለቀቃሉ። ወደ ግቢው የሚያስወጣው የሳጥኑ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ሲበርዳቸው ገብተው ሞቀው ይወጣሉ። ይህን ግን ከመጀመሪያው ቀን አያውቁትም፤ የምትጠራቸው እናት የለችም። በመጀመሪያው ቀን በየግማሽ ሰዓቱ በእጅ እየሰበሰቡ ማስገባት፣ በሁለተኛው ቀን በየሰዓቱ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ይገባሉ። ይህን ድካም የዘለለ ሰው ከሰዓት በኋላ ግቢው ጥግ ላይ ተቆላልፈው የደነዘዙ ጫጩቶች ያገኛል፤ ሳጥኑ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሞቆ ቆሞ።

ፊንጢጣቸው ላይ ኩስ የደረቀባቸውን በለብ ባለ ውኃና በጨርቅ ማርጠብና ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ደረቁን መንጨት ቆዳውን ይገነጥላል።

መኖና ክትባት

የሆሮ ጫጩት እንደ ሥጋ ዶሮ አይበላም። ለ30 ጫጩት እስከ 8 ሳምንት ግማሽ ኩንታል የጫጩት መኖ ቢያዝ አያንስም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ለአንዱ በቀን 8 ግራም ያህል፣ በ8ኛው ሳምንት 40 ግራም ገደማ። ስታርተር የሚባለው የፋብሪካ የጫጩት መኖ በማይገኝበት ቦታ በቤት የሚደባለቀው ለ100 ኪሎ እንዲህ ይሆናል፦ የተፈጨ በቆሎ 45 ኪሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር 25፣ የኑግ ፋጉሎ 15፣ ፉርሽካ 12፣ የአጥንት ዱቄት 1 ኪሎ ተኩል፣ የመኖ ኖራ 700 ግራም፣ ፕሪሚክስ የሚባለው የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ 500 ግራም፣ ጨው 300 ግራም። ፕሮቲኑ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ ከገባ ፕሮቲኑ አይፈጭላቸውም፤ በልተው በልተው አያድጉም። ፋጉሎው ሻጋታ ካለበት ጉበታቸውን ይጎዳል፣ ስለዚህ በጥቅሉ ከመግዛት በፊት ሰብሮ ውስጡን ማየትና ማሽተት። ጨውን በግምት ማድረግ አደገኛ ነው፤ በሚዛን ይሁን።

ሳጥኑ ከብርድና ከጭልፊት ያድናል፤ ከፈንግል አያድንም። እንዲያውም 30 ጫጩት በአንድ ትንፋሽ ስለሚያኖር በሽታ ከገባ አንዱንም አይተውም። ለፈንግል ኤችቢ ዋን የሚባለው ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ የጉምቦሮ በሽታ ክትባት በ2ኛው ሳምንትና ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ላሶታ የሚባለው ሌላው የፈንግል ክትባት በ4ኛው ሳምንት በሚጠጣ ውኃ፤ ቀኑን ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ማስተካከል ነው። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው የክትባት ማምረቻ ተቋም ያመርተዋል፤ ብልቃጡ ግን ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ከተከፈተ በኋላ አይቆይም። ከሦስት አራት ጎረቤት ጋር በአንድ ቀን መከተብ ወጪውንም ብክነቱንም ይቀንሳል። በውኃ ሲሰጥ ውኃው ክሎሪን የሌለበት፣ በሊትር ሁለት ግራም ተኩል ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት የገባበት ይሁን፤ ከመሰጠቱ በፊት ለሁለት ሰዓት ያህል ውኃ ተነፍገው ቢጠሙ ሁሉም ቶሎ ይጠጣሉ።

ከ3ኛው እስከ 5ኛው ሳምንት ኩሱን በዓይን መከታተል ያስፈልጋል። ደም ከታየ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ በሽታ ነው፤ አምፕሮሊየም የተባለው መድኃኒት በብልቃጡ ላይ በተጻፈው ልክ በውኃ ይሰጣል፣ የወለሉ ጭድ በሙሉ ይወጣል። መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል እርጥብ ወለል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የውኃ ዕቃውን ዝናብ ሲመጣ ብለው ሳጥኑ ውስጥ ያስገቡ ሰዎች ላይ ይደርሳል።

እናቲቱስ?

ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ዶሮ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ እንደገና መጣል ትጀምራለች፤ ጫጩት ይዛ ስትዞር ግን ሁለት ወይም ሦስት ወር ያልፋል። በጓሮ ስትያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ለምትጥል ዶሮ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ቢሆንም ስለተቻለ ብቻ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ማስታቀፍ ጭካኔ ነው። 21 ቀን ስትታቀፍ በቀን አንድ ጊዜ ነው ለመብላት የምትነሳው፣ ደረቷ ይሰላል። ደረቷን በእጅ ዳስሶ አጥንቱ እንደ ቢላ ከተሰማ እንድታርፍ ማድረግ ነው። በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይበቃታል።

መታቀፏን ለማስተው ቁልቁል መስቀል፣ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ላባ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ማስገባት የሚባሉ ነባር ዘዴዎች አሉ። ሦስቱም ያሠቃያሉ፣ ላባው ደግሞ ያመረቅዛል። ከሥሯ አየር የሚገባበት የሽቦ ወለል ያለው ቀፎ ውስጥ፣ ብርሃን ባለበት፣ መኖና ውኃ ሰጥቶ 3 ወይም 4 ቀን ማቆየት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ዘሩን ንጹሕ ማቆየት

ሳጥኑ ጫጩት ያተርፋል፤ የማንን ጫጩት እንደሚያተርፍ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ባዕድ አውራ የነካት ዶሮ ዘሩን በሆዷ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ታቆያለች። አውራው ተነሳ ተብሎ በማግስቱ የተለቀመ እንቁላል ሆሮ አይደለም፤ 4 ሳምንት ጠብቆ፣ በዚያ መሃል የተጣለውን ለምግብ አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለዘር መያዝ ነው። ከ8 እስከ 10 ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። አውራው ከራሳቸው ጫጩት መካከል ከሆነ ግን በሁለት ሦስት ትውልድ የመፈልፈል አቅማቸው ይወርዳል፣ ጫጩቶቹ ይኮሰምናሉ። ሆሮ ከያዘ ሌላ ሰው ጋር በየዓመቱ አውራ መለዋወጥ ወጪ የለውም።

ከሁለት ሦስት እናት የመጡ ጫጩቶች አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገቡ የማን እንደሆኑ ይጠፋል። ባለቀለም የፕላስቲክ ቀለበት እግራቸው ላይ ማድረግ፣ በ3ኛውና በ6ኛው ሳምንት በሰፊ መቀየር። ክር አይሁን፤ እግሩ ሲወፍር ክሩ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ለዘር የሚመረጠው ቀለሙ ብቻ ታይቶ መሆን የለበትም። በ16ኛው ሳምንት በሚዛን መመዘን፣ እናቱ ስንት እንቁላል እንደጣለች በደብተር መያዝ፤ የደብረ ዘይቱም ምርጫ የቆመው በክብደትና በእንቁላል ብዛት ነው።

ከሳጥን ወደ ቆጥ

በወይና ደጋ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ሳምንት፣ በደጋ በ8ኛው ከሳጥኑ ይወጣሉ። ድንገት አይደለም፤ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ትራሱ ቀን ቀን ይነሳል፣ ከ4ኛው ጀምሮ ማታም በግማሽ ይሸፈናል። ቆጡ መጀመሪያ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል፣ በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሆሮ ደንጋጭ ነው፤ ቀን ላይ ማባረር ክንፍ ያሰብራል፣ የምትጥለዋን ከመጣል ያቋርጣል። ሲያስፈልግ ማታ ቆጥ ላይ እንዳሉ፣ ብርሃኑ በደከመ ባትሪ፣ ሁለቱን ክንፍ ከገላው ጋር በሁለት እጅ አቅፎ ማንሳት ነው። በእግር ቁልቁል አንጠልጥሎ መውሰድ የገበያ ልማድ ነው፤ ለዘር ለተያዘ ዶሮ አይገባም።

ከሌላው ጋር ሲተያይ

250 ዋት የሆነው ቀይ አምፖል ቀንና ሌሊት ከበራ በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በ4 ሳምንት 168 ይበላል። ሙቀቱ አስተማማኝ ነው፣ ለ100 ጫጩትም ይበቃል፤ መብራት ሌሊት ለሦስት ሰዓት ከሄደ ግን ዙሩ በሙሉ ሊያልቅ ይችላል። ሳጥኑ መብራት መሄዱን አያውቅም። ፋኖስ የእሳት አደጋ ነው። እናቲቱ ራሷ ከሁሉም የተሻለች አሳዳጊ ናት፣ አጥር ያለው፣ ሽፋን ያለው ግቢ ውስጥ ከሆነች ብቻ፤ አንዲት ዶሮና 9 ጫጩት ላለው ሰው እናቲቱን ከነጫጩቶቿ 12 ሚሊ ሜትር ሽቦ ውስጥ ማስገባት ሳጥን ከማሠራት ይበልጥ ያዋጣዋል።

ሳጥኑ የሚያዋጣው ሦስትና ከዚያ በላይ ዶሮ ኖሮት በአንድ ጊዜ ከ25 እስከ 35 ጫጩት ማውጣት ለሚችል፣ ቀን ቤት የሚውል ሰው ላለው ቤተሰብ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የሚያግዘው ካላገኘ አይጀምረው። ከ50 ጫጩት በላይ የሚያሳድግም አምፖል ይሻለዋል። በተባለው ልክ ከተሠራ፣ ማለትም ቁመቱ 45፣ ወለሉ የሚሳብ፣ ቀዳዳው ከላይ፣ ትራሱ ከጆንያ፣ እግሩ ጣሳ ውስጥ ከሆነ፣ በዕድሜው ብዙ ዙር የሚያወጣ ዕቃ ነው። የ30 ሴንቲ ሜትሩን፣ ወለሉ የተመታውንና ቀዳዳ የሌለውን ግን በርካሽም ቢሆን መግዛት አይመከርም።

በዙርና በዙር መካከል ድርቆሹ በሙሉ ይቃጠላል፤ ለሚቀጥለው ዙር ይሆናል ብሎ ማስቀመጥ ኮክሲዲዮሲስን ማስቀመጥ ነው። ሳጥኑ ታጥቦ፣ ውስጡ በኖራ ተቀብቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ይምታው። አዲሱ ድርቆሽ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሣሩ በሚታጨድበት ጊዜ ርካሽም ንጹሕም ስለሆነ፣ የዓመቱን ያኔ ገዝቶ ዝናብ የማይነካው የቤት ቆጥ ላይ መስቀል ነው። ለአንድ ዙር ግድግዳውንም ትራሱንም ጨምሮ አንድ እስር ይበቃል።